ብዙ መሣሪያ የሚጫወት የሮክ ቤዝ ተጫዋች በሙያው ሊኖር ይችላል? ከደብረ ብርሃን ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በደብረ ብርሃን የምኖር የ22 ዓመት ወጣት ነኝ። በሰንበት ትምህርት ቤት በገና ተምሬያለሁ፤ ክራርና ኪቦርድ እጫወታለሁ፤ ሊድ ጊታር ከያዝኩ ደግሞ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። አሁን ልቤ ያረፈው የሮክ ቤዝ ላይ ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ ‹ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ አንዱን ያዝ› ይሉኛል። ሌሎቹ ደግሞ ቤዝ አራት ክር ብቻ ስለሆነ ጊታር ለቻለ ሰው የሳምንት ሥራ ነው ይላሉ። ብዙ መሣሪያ መጫወቴ ይጠቅመኛል ወይስ ያበታትነኛል? ባለአምስት ክር ቤዝ ገዝቼ፣ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን አቋርጬ አዲስ አበባ ብገባ በሮክ ቤዝ መኖር እችላለሁ? ያየሁት አንድ ያገለገለ ባለአራት ክር ቤዝም አለ፤ ግን የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች (አንገቱ ላይ የተቀበሩት አግዳሚ ብረቶች) ላይ ይንጫጫል። ሻጩ ‹የብርዱ ነው› አለኝ። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ ትምህርትህን አታቋርጥ፤ ባለአምስት ክሩንም አትግዛ። ያገለገለውን ባለአራት ክር ከታች የምጽፈውን ፈተና ካለፈ ብቻ ውሰደው። ምክንያቱን ከማስረዳቴ በፊት ግን ከጓደኞችህ የሰማኸው ነገር መስተካከል አለበት፤ ሁለቱም ወገኖች ግማሽ እውነት ነው የያዙት።

ቤዝ ለጊታር ተጫዋች የሳምንት ሥራ ነው የሚሉት ድምፆቹን ስለማግኘት ከሆነ አልተሳሳቱም። ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ተብለው የሚቃኙት አራት ክሮች የጊታርህ አራቱ ወፋፍራም ክሮች ናቸው፤ አንድ ኦክታቭ ወርደዋል እንጂ ቅደም ተከተላቸው አልተለወጠም። ችግሩ የሚጀምረው እጅህ ላይ ነው። የመደበኛ ቤዝ የክር ርዝመት 864 ሚሊ ሜትር ሲሆን የጊታር 648 ገደማ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ፍሬት ጊታር ላይ 36 ሚሊ ሜትር፣ ቤዝ ላይ ግን 48 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው። በጊታር ልማድ አራት ጣት ለአራት ፍሬት ዘርግተህ ለሰዓት ብትጫወት የእጅ አንጓህ ያማል። ከአምስተኛው ፍሬት በታች ሌባ ጣትን፣ መሐል ጣትንና ትንሿን ጣት ብቻ ተጠቀም፤ የቀለበት ጣት ትንሿን ይደግፋት። ሦስት ፍሬት ትሸፍናለህ፤ ለአራተኛው እጅህን ታንሸራትታለህ።

ከዚህ የሚከብደው ድምፁን ማቆም ነው። ሊድ ጊታር የሚመዘነው ባሰማው ድምፅ ነው፤ ቤዝ ግን ድምፁን በቆረጠበት ቅጽበትም ይመዘናል። የድራሙ ትልቁ ከበሮ ሲመታ አብረህ ጀምረህ ስኔሩ (ትንሹ ከበሮ) ሲመታ ካልቆረጥክ፣ ባንዱ በሙሉ ጭቃ ውስጥ የገባ ይመስላል። አድማጩ ምን እንደጎደለ አያውቅም፤ ድራመሩ ግን ያውቃል፤ በሚቀጥለው ሥራ አንተን የሚያስጠራህም የማያስጠራህም እሱ ነው። ከጊታር የሚመጡ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ባዶ ቦታ ባዩ ቁጥር በድምፅ ይሞሉታል።

አንተ ከክራር መምጣትህ እዚህ ላይ ይጠቅምሃል። ክራር በግርፍ ሲመታ ቀኝ እጅ ሁሉንም ክሮች ይገርፋል፤ የማይፈለጉትን የሚያፍኗቸው የግራ እጅ ጣቶች ናቸው። ቤዝ ላይ የምትፈልገው ጥበብ ይኸው ነው። ኤ ክርን ስትጫወት ኢ ክር በቀኝ አውራ ጣትህ ይታፈን፣ ዲ እና ጂ ደግሞ በግራ እጅህ ጣቶች ጠፍጣፋ ጎን። ከበገና የምታመጣው ለዝቅተኛ ድምፅ የሠለጠነ ጆሮ ነው፤ ይህም ትልቅ ሀብት ነው። ሁለት ነገር ግን እዚያው ተዋቸው። የበገና ግራ እጅ ክሩን ራሱ ይደረድራል፤ የቤዝ ግራ እጅ ፍሬት ይይዛል፤ ልማዱ አይሻገርም። ደግሞም በገና ላይ በእንዚራው ቁራጭ ቆዳ ተፈልጎ የሚመጣው መንዘር ቤዝ ላይ ጉድለት ነው። የበገና ሰው ጆሮው ለመንዘር ስለለመደ የቤዙን መንጫጫት ቶሎ አይጠረጥርም፤ ስለዚህ ለመግዛት ስትሄድ መንዘሩን ከጆሮህ ይልቅ በወረቀት ለካው። እንዴት እንደሆነ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሁለቱ ዛፎች። ተረቱ እውነት የሚሆነው ሁሉንም መሣሪያ እኩል ለመቻል ለሚሮጥ ሰው ነው። በሮክ ታሪክ ብዙ መሣሪያ ይጫወቱ የነበሩትን ቤዝ ተጫዋቾች ብታይ ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት መንገድ ነው የሄዱት፦ መጠሪያቸው ቤዝ ሆኖ፣ ባንዱ የጎደለውን አንድ ወይም ሁለት ነገር በሌላ መሣሪያ ሞሉ። የሌድ ዜፕሊኑ ጆን ፖል ጆንስ ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1968 ከመቋቋሙ በፊት በለንደን ስቱዲዮዎች ለሌሎች ቤዝ የሚጫወትና ሙዚቃ የሚያቀናብር ቅጥር ሙዚቀኛ ነበር። በባንዱ ውስጥ ቤዝ፣ ኪቦርድና ማንዶሊን ይጫወት ነበር፤ መድረክ ላይ እጁ ኪቦርድ ሲይዝ ቤዙን በእግሩ ፔዳል ይረግጥ ነበር፤ አምስተኛ ሰው መቅጠር አላስፈለጋቸውም። የረሹ ጌዲ ሊም እየዘፈነ፣ ቤዝና ሲንተሳይዘር እየተቀያየረ፣ በእግሩ ፔዳል እየረገጠ የሦስት ሰው ባንድ የትልቅ ባንድ ድምፅ እንዲኖረው አድርጓል። የዘ ሁው ጆን ኤንትዊስል የነፋስ መሣሪያዎቹን በባንዱ ቅጂዎች ላይ ራሱ ነፍቷል። የክሪሙ ጃክ ብሩስ ከቼሎ ነው የመጣው፤ የሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርሱ ፍሊ ከትራምፔት። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ ቤዝ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1961 የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ሲለቅ ቦታው ክፍት ስለሆነ ነው፤ ከዚያ በፊት ጊታርና ፒያኖ ነበር የሚጫወተው። ከነዚህ ሰዎች ልትወስደው የሚገባህ ነገር የጆን ፖል ጆንስ መነሻ ነው። ኑሮውን መጀመሪያ የሠራለት የሮክ ዝና አልነበረም፤ ስቱዲዮ ውስጥ የተባለውን በሰዓቱ መጫወትና ማቀናበር ነው።

በእኛ ሀገር ይህ እጥፍ ድርብ እውነት ነው። ብዙ የአልበምና የነጠላ ሥራዎች ላይ የምትሰማውን ቤዝ አቀናባሪው ራሱ በኪቦርድ ይጫወተዋል፤ ጊዜና ገንዘብ ይቆጥብለታል። ስለዚህ «ቤዝ ብቻ» የሚል ሰው ወደ ስቱዲዮ የሚጠራው አልፎ አልፎ ነው። ኪቦርድ ይዞ ኮርድ የሚደረድር፣ ድራም የሚያቀናብር፣ ከዚያ ቤዙን በእውነተኛ ቤዝ የሚቀዳ ሰው ግን ሥራውን ራሱ ይፈጥራል። ኪቦርድህን እንዳትሸጥ የምልህ ለዚህ ነው። ሮክ ብቻ ተጫውቶ መኖርን በተመለከተ ግን በግልጽ ልንገርህ፤ በአሁኑ ገበያ አይቻልም። ጃኖ ባንድ የሀገራችንን ቅኝት ከሮክ ጋር አዋሕዶ መድረክ መሙላት እንደሚቻል አሳይቷል፤ የመጀመሪያ አልበማቸውን ፕሮዲውስ ያደረገው ቢል ላስዌል ራሱ ቤዝ ተጫዋች ነው። አንድ ባንድ መውጣቱ ግን ለሃያ ቤዝ ተጫዋቾች የወር ደመወዝ አለ ማለት አይደለም። የሀገራችንን የቤዝ አጨዋወት ማጥናት ከፈለግህ የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮን በጥሞና ስማ፤ ከበርክሊ ተመልሶ በአዲስ አበባ የጃዛምባ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን ካቋቋሙት አንዱ የሆነውን ሄኖክ ተመስገንንም እንዲሁ። ሁለቱም ሮክ ተጫዋች ተብለው አይታወቁም፤ እንጀራህ የሚጋገርበት አጨዋወት ግን እነሱ ዘንድ ነው።

ደግነቱ፣ ወደ ሮክ የሚወስደው ድልድይ እጅህ ላይ አለ። የሮክ ቤዝ ግማሹ የሚሠራበት የማይነር ፔንታቶኒክ ስኬል ከባቲ ማይነር ጋር አንድ ነው፦ ከሲ ብትነሣ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት። ትዝታ ሜጀርም ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ ሮኮች ሜጀር ፔንታቶኒክ የሚሉት። በክራር ለዓመታት የደረደርከውን ቤዝ ላይ እንደ አዲስ ትምህርት አትጀምረው፤ አምስቱን ድምፆች በአራቱ ክሮች ላይ በአምስት የተለያዩ የእጅ ቦታዎች ፈልጋቸው። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ላይ ግን ተጠንቀቅ። አምባሰል ከሲ ሲነሣ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው፤ አንቺ ሆዬ ደግሞ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። አንቺ ሆዬ ውስጥ ጂ ስለሌለ የሮክ ቤዝ ተጫዋች በደመ ነፍስ የሚመታው አምስተኛ ድምፅ ከዘፋኙ ጋር ይጋጫል። እዚያ ሥሩንና ኦክታቩን ብቻ ያዝ።

ምቱም እንዲሁ ነው። ሮክ ባብዛኛው 4/4 ነው፤ የሰርግ ሥራ ስትሄድ ግን ችክችካው 6/8 ነው። ከሮክ የመጣ ልጅ 6/8ን እንደ 3/4 ቆጥሮ ሦስት እኩል ምት ያስቀምጥና ጨፋሪውን ያሰናክላል። ስድስቱን ቁጠር፤ ክብደቱን አንደኛውና አራተኛው ላይ ጣል፤ የተረፈውን ለከበሮው ተውለት። መንዝም ሆነ ሸዋሮቢት ሰርግ ላይ ትከሻ ሲነሣ ቤዙ ከሁለቱ ምቶች ፈቀቅ ካለ እስክስታው ወዲያው ይላላል።

የልምምድ ጊዜህን እንዴት ትከፍለዋለህ? በቀን ሁለት ሰዓት አለህ እንበል። ከዚያ ውስጥ ሰባ ደቂቃው የቤዝ ይሁን፣ ሠላሳው የኪቦርድ ኮርድ፣ የቀረው የቀዳኸውን ለማዳመጥ። ክራርና በገና ለራስህ ደስታ ናቸው፤ ሰዓት አትመድብላቸው። ቤዙን በአንድ ድምፅ ጀምር፦ ሜትሮኖሙን 80 ላይ አድርገህ፣ በቀኝ ሌባና መሐል ጣት እያፈራረቅህ፣ በአንድ ምት ሁለት ድምፅ ለአምስት ደቂቃ ሳታቋርጥ። ከዚያ ሜትሮኖሙን ወደ 70 አውርደህ ያንን ድምፅ ሁለተኛውና አራተኛው ምት አድርገህ ቁጠረው፤ የምትጫወተው በ140 ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይፈርሳል፤ አራት ደቂቃ ሳትሸሽ ከዘለቅክ የሮክ ዘፈን መሸከም ትችላለህ። ፒክም ተለማመድ፤ ጠንካራ የሮክ ድምፅ የሚፈልግ ዘፈን በጣት የሚለሰልስበት ጊዜ አለ። ከቤዙ ሰባ ደቂቃ በቀረው ዘፈን በጆሮህ አውጣ፤ በወር አምስት ዘፈን ጥሩ ፍጥነት ነው። እያንዳንዱን ዘፈን በሁለት ሌላ ቁልፍም ተጫወተው፤ ዘፋኝ ጉሮሮው ሲይዘው መድረክ ላይ «ግማሽ ድምፅ አውርዱት» ማለቱ አይቀርም።

ወደ መሣሪያው እንሂድ። ባለአምስት ክሩን የከለከልኩህ ስለ ዋጋው ብቻ አይደለም። የአምስተኛው ክር ዝቅተኛ ቢ 31 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ኢ ራሱ 41 ነው። የደብረ ብርሃን አዳራሾችና ሆቴሎች ውስጥ የሚገኙት ሞንታርቦዎች 41ኛውን እንኳ በወጉ አያወጡም፤ ሰው የሚሰማው ከላዩ ያለውን 82 ነው። የማይሰማ ክር ተሸክመህ፣ የሚታፈን አንድ ክር ጨምረህ፣ አንገቱ የሰፋ መሣሪያ ላይ ትማራለህ። ኋላ ባንድህ ከፈለገ ትገዛለህ። ለጀማሪ የምመርጠው የፕሪሲዥን ዓይነት፣ ለሁለት የተከፈለ አንድ ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) ያለው ነው። ምክንያቱ ኤሌክትሪካችን ነው። የመብራታችን ጉምጉምታ 50 ኸርዝ ሲሆን በኢ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ያለው ጂ 49 ነው። ነጠላ ጥቅል ፒካፕ ጉምጉምታውን ይስበዋል፤ ያንን ጂ ረዘም አድርገህ ስትይዝ ሁለቱ ተጋጭተው ድምፁ የሚዋዥቅ ይመስልሃል፤ ቅኝትህ የተበላሸ ይመስልህና ክሩን ታጠብቃለህ። የተከፈለው ፒካፕ ጉምጉምታውን ራሱ ያጣፋል።

ሻጩ «የብርዱ ነው» ያለው ግማሹ እውነት ነው። እንጨቱን የሚያንቀሳቅሰው ቅዝቃዜው ሳይሆን ከቅዝቃዜው ጋር የሚመጣው ድርቀት ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር የደብረ ብርሃን አየር ደረቅ ነው፤ እንጨቱ እርጥበቱን ይለቅና የቤዙ አንገት ቀጥ ይላል፤ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይጎብጣል። ያን ጊዜ ክሩ የመጀመሪያዎቹን ፍሬቶች ይነካና ይንጫጫል። በክረምት በተቃራኒው አንገቱ ወደ ፊት ይሳባል፤ ክሮቹ ከፍ ይላሉ፤ ለመጫን ይከብዳሉ። ክሮቹ በአንድነት ከ70 ኪሎ በላይ ስለሚስቡ በውስጡ ያለው የብረት ዘንግ፣ ትረስ ሮዱ፣ ይህን ጉልበት ይመክታል። ጥያቄው ዘንጉ ይሠራል ወይ ነው።

ለመግዛት ስትሄድ ቲዩነር፣ ለዘንጉ የሚሆን ብሩጎላ፣ ሦስት ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀትና አንድ ኤቲኤም ካርድ ያዝ። በመጀመሪያ ቃኘው፤ ያልተቃኘ ቤዝ መለካት ዋጋ የለውም። ኢ ክርን በግራ እጅ አንደኛው ፍሬት ላይ፣ በቀኝ እጅ የመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነህ ያዝ፤ ሰባተኛው ፍሬት ላይ በክሩ ሥርና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ሌላ ሰው ይለካልህ። የሚፈለገው ከ0.3 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር ነው። የፎቶ ኮፒ ወረቀት 0.1 ያህል ስለሆነ ሦስቱ ተደርበው ጠበብ ብለው ማለፍ አለባቸው። ኤቲኤም ካርድ 0.76 ነው፤ እሱ ካለፈ አንገቱ ከመጠን በላይ ጎብጧል። አንድ ወረቀት እንኳ ካላለፈ የሻጩ ቤዝ ችግር ይህ ነው። ያን ጊዜ ዘንጉን በሩብ ዙር ወደ ግራ አላላው፣ መልሰህ ቃኝ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይተህ ለካ። ክፍተት መፈጠር ከጀመረ ቤዙ ጤነኛ ነው፤ በዋጋው ተከራክረህ ውሰደው። ዘንጉ ቀድሞውኑ ላልቶ እየዞረ አንገቱ አሁንም ወደ ኋላ ከጎበጠ፣ ወይም ብሩጎላው ጨርሶ አልዞርም ካለ፣ ትተኸው ሂድ። በጉልበት አትሞክር፤ የተሰበረ ዘንግ ዋጋው የአንገቱ ዋጋ ነው። የሚንጫጫው ያልተጫነው ክር ብቻ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ በአንገቱ ጫፍ ክሩ የሚያርፍበት ቦይ ተበልቷል፤ ያ ይቀየራል።

ከገዛህ በኋላ የክሩን ከፍታ አስተካክል። አንደኛው ፍሬት ተይዞ 17ኛው ላይ ኢ ክር 2.4፣ ጂ ክር 2 ሚሊ ሜትር ከፍ ይበል። በመጨረሻ 12ኛው ፍሬት ላይ በመንካት ብቻ የሚወጣውን ሃርሞኒክ ከተጫነው ድምፅ ጋር በቲዩነር አስተያይ፤ የተጫነው ከፍ ካለ ብሪጁ ላይ ያለውን ማረፊያ በካቻቢቴ ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት። ቅደም ተከተሉን አታዛንፍ፤ ዘንግ፣ ከፍታ፣ ከዚያ 12ኛው። ይህን በዓመት ሁለቴ፣ ኅዳርና ሐምሌ ላይ ብትደግመው ይበቃል።

ሥራ ይዘህ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋሮቢት ስትወርድ ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥምሃል። ጣርማ በርን አልፈህ ደብረ ሲናን ተሻግረህ ከአንድ መቶ ኪሎ ሜትር ባልሞላ መንገድ ከ2,800 ሜትር ከፍታ ወደ 1,300 ገደማ ትወርዳለህ። ሙቀቱ ብረቱን ስለሚለጥጠው ቤዙ ዝቅ ብሎ ይደርሳል። ከቦርሳው ሳታወጣ ግማሽ ሰዓት ጥላ ውስጥ አቆየው፤ ከዚያ ቃኘው፤ ከሁለት ዘፈን በኋላ ድገመው። የዚያን ቀን ግን ትረስ ሮዱን አትንካ። አንገቱ ቀስ ብሎ ነው የሚንቀሳቀስ፤ ማታ ሸዋሮቢት ያስተካከልከው በማግስቱ ደብረ ብርሃን ላይ ይበላሻል።

አምፕሊፋየር ለመግዛት አትቸኩል። ቤት ውስጥ በሄድፎን ተለማመድ፤ ኪቦርድ አምፕ በመጠኑ ይሠራል፤ የጊታር አምፕ ግን በከፍተኛ ድምፅ ቤዝ ሲገባበት ድምፅ ማጉያው ይቀደዳል። መድረክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥታ ወደ ሚክሰር ነው የሚሰካህ። ባትሪ የሌለው ቤዝ በሚክሰሩ ተራ መግቢያ ሲሰካ ደንዝዞ ይሰማል፤ የመግቢያው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ (ኢምፒዳንስ) ለፒካፑ ዝቅተኛ ስለሆነ ከላይ ያሉትን ድምፆች ይበላበታል። ስለዚህ ከአምፕ በፊት ዲአይ ቦክስ (ቤዙን ከሚክሰሩ መግቢያ ጋር የሚያስማማ ትንሽ ሣጥን) ግዛ። ድምፁ ሲደበዝዝ የቤዙን ቁልፍ ከመጨመር 100 እና 800 ኸርዝ አካባቢ በትንሹ ከፍ አድርግ፤ ከ40 በታች ያለውን ቁረጥ፤ ሞንታርቦው ይተነፍሳል።

ኧርዝ የሌለበት ሶኬት ላይ አትጫወት። ክሩን ይዘህ ከንፈርህ ማይኩን ሲነካ ከነዘረህ ያ ማስጠንቀቂያ ነው፤ መሣሪያውን አስቀምጥና ሥራው ይቁም። የቤዙ አምፕና ሚክሰሩ ከአንድ ሶኬት፣ ኧርዝ ካለው ማከፋፈያ ይሰኩ። ጉምጉምታ ለማጥፋት የኧርዙን እግር የሚቆርጥ ባለሙያ ካየህ ከልክለው፤ ጉምጉምታው በዲአይ ቦክሱ ላይ ባለው መቀያየሪያ ይጠፋል። በጄኔሬተር የምትሠራ ከሆነ ጄኔሬተሩ ተነሥቶ እስኪረጋ ድረስ ምንም አትሰካ።

ክር ውድ ነው፤ በቀላሉም አይገኝም። ከ45 እስከ 105 የሚባለውን መደበኛ ውፍረት ያዝ፤ አንድ ትርፍ ስብስብ ሁልጊዜ ቦርሳህ ውስጥ ይኑር። ሲደነዝዝ አውልቀህ አሥር ደቂቃ ብትቀቅለው በመጠምጠሚያው መካከል የገባው ላብና ቅባት ይለቃል፤ ለጥቂት ሳምንት ይታደሳል። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ትንሽ አስረዝመው። ጨርሰህ ሳታደርቅ ከመለስከው ግን ይዝጋል። ከሁለት ጊዜ በላይም አይሠራም።

ስለ ገላህ በአጭሩ፦ ጠዋት በውርጭ እጅ ቤዝ አትያዝ፤ አምስት ደቂቃ እጅህን በለብታ ውሃ አሙቀህ በቀስታ ጀምር። የእጅ አንጓ ሕመም ከእንቅልፍ ሲያስነሣህ እረፍት እንጂ ጽናት አያድነውም። ጆሮህን ጠብቅ፤ 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት የሚቻለው በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ስለሚቀንስ 100 ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ድራም አጠገብ የሚቆመው ቤዝ ተጫዋች ነውና መሰኪያ ከፋርማሲ ግዛ።

ገንዘቡ ደግሞ የሰሞን ነው። ሰርግ ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ይደራል፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሰርጉም ክለቡም ይቀዘቅዛል። የጥር ገቢህን የጾሙ ወራት ኪራይ አድርገህ ቁጠር። ትምህርትህን አትተው የምልህ ለዚሁ ነው፤ ዲግሪው ከሙዚቃው አይቃረንም፤ ጾሙን የምታልፍበት ነው። ሙዚቃን በመደበኛነት መማር ካማረህ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ፤ የሀገር ባህል መሣሪያም ይሰጣል፤ ከክራርህ ጋር ብትፈተን ከቤዝህ የተሻለ ዕድል አለህ። ስቱዲዮ ስትቀዳ የጽሑፍ ውል ያዝ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኝንም ይጠብቃል፤ ግን ቤዙን ተጫወትክ ወይስ ዜማውንና ቅንብሩንም ሠራህ የሚለው በውሉ ላይ ካልተለየ፣ ብዙ መሣሪያ የሚጫወት ሰው ሦስት ሥራ ሠርቶ የአንድ ይከፈለዋል። ይህ በተለይ አንተን የሚመለከት አደጋ ነው። «ኪቦርዱንም ነካ ነካ አድርግልን» ሲሉህ እዚያው ተናገር።

አዲስ አበባ የምትገባው እነዚህ ሲሟሉ ነው፦ ስድሳ ዘፈን ያለ ወረቀት፣ ግማሹ የሀገር ቤት ግማሹ ሮክ፤ የኮርድ ወረቀት አይቶ በሌላ ቁልፍ መጫወት፤ ራስህ አቀናብረህ ቤዙን በእጅህ የቀዳህባቸው ሦስት ሥራዎች፤ የራስህ ቤዝ፣ ኬብል፣ ቲዩነርና ዲአይ ቦክስ፤ የሦስት ወር ወጪ። ይህን በተማሪነትህ በሁለት ዓመት ውስጥ ማድረስ ይቻላል። ሳይሟላ የሚጠራህ ባንድ ከመጣ ቅዳሜና እሑድ ሄደህ ተጫውተህ ተመለስ፤ 130 ኪሎ ሜትር ነው።